ከማስተርስ ወደ ስትራክቸራል ኢንጂነርነት፦ ወሎ ላይ ሆኖ እንዴት ይጀመራል?

ዲፌንሱ አልቋል። ቴሲሱ ተጠርዞ ላይብረሪ ገብቷል። ፎቶው ተነስቷል፣ እናት ቡና አፍልታ ጎረቤቱ መርቋል። ከዚያ ሰኞ ይመጣል። ሰኞ ጠዋት ደሴ ፒያሳ ላይ ቆሞ የትኛውን ቢሮ እንደሚያንኳኳ ግራ የገባው ልጅ ብዙ አይቻለሁ። ሰሞኑንም ሁለት ወንድሞችና አንዲት እህት ተከታትለው "ማስተርስ ይዤ ለምን ዜሮ ዓመት ልምድ ይሉኛል?" ብለው ጠየቁኝ። ለሦስቱም የነገርኳቸውን እዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

አብሽሩ፣ መንገድ አለው። ግን መጀመሪያ ቀጣሪው ምን እንደሚያስብ እንወቅ። ማስተርሳችሁን አይንቅም። የሚያሳስበው ሌላ ነው፤ እናንተ ያወጣችሁት ወረቀት ሳይት ወርዶ ፌራዮ (ብረት አጣፊና አሳሪ) እጅ ሲገባ ይሠራል ወይ? ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሥራችሁን የሚያየው ከእናንተ በላይ የተማረ ሰው ነበር። አሁን የሚያነበው ፌሮ የሚያጥፍ፣ ፎርምወርክ የሚመታ፣ አርማታ የሚያፈስ ሰው ነው። እሱ እናንተን ደውሎ ሳይጠይቅ መሥራት ከቻለ ኢንጂነር ሆናችኋል። ከዚህ በታች የምላችሁ ሁሉ እዚያ ለመድረስ ነው።

አንድ ሕንፃ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጨርሱ

ቴሲሱን ለቅጥር አንድ ገጽ አድርጉት። ምን ጠየቃችሁ፣ ምን አገኛችሁ፣ ለሥራ ምን ይጠቅማል። በቃ። 120 ገጽ ተሸክሞ ቢሮ መግባት ጥቅም የለውም፤ የሚያነብበት ጊዜ ያለው የለም።

በምትኩ አንድ ሕንፃ ራሳችሁ ዲዛይን አድርጉ። ጂ+4 ይበቃል። ታች ሱቅ፣ ላይ ቢሮ ወይም መኖሪያ፣ ልክ መንገድ ዳር እንደምናያቸው። ቦታውን ደግሞ ሜዳ አታድርጉት። ደሴ ከጦሳ ሥር ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ሆጤም ሂዱ ቧንቧ ውሃ፣ ፊቱ ከመንገድ እኩል ሆኖ ጀርባው አንድ ፎቅ ወደ ታች የሚወርድ ሕንፃ አታጡም። እንዲህ ዓይነቱን ምረጡ፤ ማስተርሳችሁ እዚህ ላይ ነው ዋጋ የሚያወጣው።

ለምን እንደሆነ ላሳያችሁ። ተዳፋቱ ላይ ከፊት ያለው ኮለን 1.5 ሜትር ነው እንበል፣ ከኋላ ያለው 3 ሜትር። ሁለቱም 40 በ40 ናቸው። ለአናጢው አንድ ዓይነት ኮለን ናቸው። የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመጣ ግን ሌላ ናቸው። የኮለን ለጎን ጉልበት ያለው ግትርነት በቁመቱ ኩብ ይቀንሳል፤ ስለዚህ አጭሩ ኮለን ከረጅሙ 8 እጥፍ ግትር ነው፣ ወለሉ እኩል ሲገፋቸው 8 እጥፍ ሺር (ወደ ጎን የሚቆርጥ ጉልበት) የሚስበው እሱ ነው። አጭር ስለሆነ ጠንካራ ይመስላል፣ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው ግን እሱ ነው። ይህን ካወቃችሁ ኮለኖቹን ከድጋፍ ግንቡ ታለያያላችሁ፣ የመሠረቱን ደረጃ ታስተካክላላችሁ፣ ወይም ሺር ዎል (የአርማታ ግድግዳ) የት ቢቆም ጭነቱን ከአጭሩ ኮለን ላይ እንደሚያነሳ ትፈትሻላችሁ። ስታፋውንም (ዋናውን ብረት ዙሪያውን የሚያቅፈውን ቀለበት) ከታች እስከ ላይ ታቀራርባላችሁ። ይህን አንድ ገጽ ላይ በእጅ ሥዕል ማስረዳት የሚችል አመልካች ከመጣ እኔ ሌላ ጥያቄ ሳልጠይቅ ወንበር እሰጠዋለሁ።

ሁለተኛው ነገር ሱቁ ነው። ታች ለሱቅ ተብሎ ግድግዳ የለም፣ ላይ ያሉት ፎቆች በብሎኬት ታጭቀዋል። ሞዴላችሁ ውስጥ ብሎኬቱን ክብደት ብቻ አድርጋችሁ ካስገባችሁት ሕንፃው እኩል የሚወዛወዝ ይመስላል። እውነቱ ግን ላይኛው እንደ ሳጥን ግትር ሆኖ እንቅስቃሴው በሙሉ ታችኛው ፎቅ ላይ ይጠራቀማል። ይህን ካላሰባችሁ ኢታብስ (ሕንፃ የምናሰላበት ሶፍትዌር) ራሱ አስቦ አይነግራችሁም።

ሶፍትዌሩን ከመክፈታችሁ በፊት በእጅ አስሉ። መሐል ላይ ያለ ኮለን 5 በ5 ሜትር፣ ማለትም 25 ካሬ ሜትር ይሸከማል እንበል። ለአንድ ካሬ ሜትር ወለል፣ የሶሌታው፣ የቢሙ፣ የግድግዳው፣ የፊኒሺንጉና የሰው ጭነት ተደምሮ 12 ኪሎ ኒውተን ብትይዙ ብዙም አትሳሳቱም። ጣሪያውን ጨምሮ 5 ሶሌታ ነው። 25 ሲባዛ በ12 ሲባዛ በ5፣ 1,500 ኪሎ ኒውተን። አፈሩ 250 ኪሎ ፓስካል ይችላል ከተባለ 6 ካሬ ሜትር ፉቲንግ (የኮለኑ መሠረት)፣ በአንድ ጎን 2.5 ሜትር ገደማ። ይህ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ኢታብስ 900 ወይም 2,600 ካላችሁ ግን የሆነ ቦታ ስህተት አለ፤ ፈልጉት። ብዙ ጊዜ የተደጋገመ ጭነት ወይም ከቢሙ ጋር ያልተያያዘ ሶሌታ ነው የሚገኘው።

ከዚያ ድሮዊንጉን አውጡ። የፉቲንግ፣ የግሬድ ቢም፣ የኮለን፣ የሶሌታ፣ የደረጃ፣ እስከ ባር ስኬጁሉ (የብረት ዝርዝር ሰንጠረዡ)። ሰው ሞዴል ሠርቶ እዚህ ላይ ያቆማል። አታቁሙ።

ፌራዮው የጠየቀኝ

እኔ ማስተርሴን እንደጨረስኩ የሠራሁት ቢም ነበር። ስፋቱ 25 ሴንቲ። ሶፍትዌሩ የጠየቀው ብረት በ5 ባለ 20 ፌሮ ይሸፈን ነበር፣ 1,570 ካሬ ሚሊ ሜትር። ሒሳቡ ልክ ነበር። አጸደቅሁት፣ ወደ ኮምቦልቻ ሳይት ወረደ።

በሦስተኛው ቀን ሄድኩ። ሽማግሌ ፌራዮ ነበሩ፣ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ፎርምወርኩ ላይ ተቀምጠዋል። ድሮዊንጌን አልገለጡም። አምስቱን ብረት ጎን ለጎን አስቀመጡና ጣታቸውን መሐል ለመሐል ሰደዱት። አልገባም። "ኢንጂነር፣ ጠጠሩ በየት ይለፍልህ?" አሉኝ።

እዚያው ቆሜ አሰላሁት። 25 ሴንቲ፣ ሲቀነስ ከግራና ከቀኝ 2.5 ከቨር (ብረቱን የሚሸፍነው አርማታ)፣ ሲቀነስ ሁለት ጊዜ ባለ 8 ስታፋ። 18.4 ሴንቲ ይቀራል። አምስቱ ብረት ብቻውን 10 ሴንቲ ይይዛል። የቀረው 8.4 ለአራት ክፍተት ሲካፈል 2.1 ሴንቲ። ጠጠራችን እስከ 20 ሚሊ ሜትር ነበር፣ የዲዛይን ኮዱ ደግሞ ከትልቁ ጠጠር 5 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ክፍተት ይፈልጋል፣ ማለትም 2.5 ሴንቲ። አይበቃም። ጠጠሩ ከላይ ይቀርና ከብረቱ ሥር ባዶ ይሆናል፤ ፎርምወርኩ ሲነሳ የማር እንጀራ የመሰለ ቢም ታያላችሁ። ቢሙን 30 ሴንቲ ብናደርገው ክፍተቱ 3.3 ሴንቲ ይሆናል። ወይም በሁለት ረድፍ ማስቀመጥ፤ ያኔ ጥልቀቱ ስለሚቀንስ እንደገና ማስላት አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ የቢም ባህሪ አጥንቼ ይህን ቅንስናሽ ሒሳብ ማንም አሠርቶኝ አያውቅም ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ እያንዳንዱን ቢም በአንድ ለአንድ ልኬት ስዬ ብረቱን በክብ በክብ ሳላስቀምጥ አላወጣም። እናንተም ዛሬውኑ ጀምሩ። በተለይ ቢምና ኮለን የሚገናኙበትን፤ ከሁለት አቅጣጫ የቢም ብረት፣ ከታች የኮለን ብረት፣ ኦቨርላፕ ከተጨመረ ደግሞ ቫይብሬተር የሚገባበት ቦታ ይጠፋል።

ስለዚህ ሥራ ባትይዙም ሳይት ሂዱ። አርማታ የሚፈስበትን ቀን ጠይቃችሁ፣ ፎርማኑን ሰላም ብላችሁ፣ ሄልሜት አድርጋችሁ ቁሙ። የምታዩት ነገር ይኑራችሁ። መገጣጠሚያው ውስጥ ስታፋ ገብቷል ወይስ "አስቸጋሪ ነው" ተብሎ ተዘሏል? የስታፋው ጫፍ 135 ዲግሪ ወደ ውስጥ ታጥፏል ወይስ 90 ላይ ቆሟል? ከፌሮው ሥር ስፔሰር አለ? ውሃ በመጠን ነው የሚጨመረው ወይስ አርማታው "ይላላ" እየተባለ በባልዲ? ኪዩብ (የአርማታው ጥንካሬ መፈተኛ ናሙና) ተወስዷል? የኪዩቡ ውጤት በ28 ቀን ሲመጣ የሚያየው ማን ነው? አንዲት ማስታወሻ ደብተር ይዛችሁ ጻፉ። የብረት ክብደትም በቃል ይያዝ፤ ዲያሜትሩን በሚሊ ሜትር ይዛችሁ በራሱ አባዝታችሁ ለ162 ስታካፍሉ የአንድ ሜትር ኪሎ ይመጣል። ባለ 16 ፌሮ 1.58 ኪሎ፣ የ12 ሜትሩ ቁራጭ 19 ኪሎ ገደማ። ሳይት ላይ ይህን ሳያሰላስል የሚመልስ ልጅ ወዲያው ይከበራል።

እህቶቼ፣ እናንተም ሂዱ። መጀመሪያ ቀን ሊያፈጡ ይችላሉ። ሦስተኛው ቀን ላይ የስታፋውን ርቀት በሜትር ለክታችሁ "ይህ 10 ሴንቲ መሆን ሲገባው 18 ነው" ስትሉ ጉዳዩ ያልቃል።

ኮዱን ነገር

ብዙ ቢሮ ውስጥ ሁለት ትውልድ ኮድ ታገኛላችሁ። አንዱ በፈረንጅ 1995 የወጣው ኢቢሲኤስ ነው፤ አንጋፋዎቹ በቃላቸው ይዘውታል። ሌላው በፈረንጅ 2015 ከዩሮኮድ ተወስዶ የወጣው ኢኤስ ኢኤን ነው። አዲስ ሥራ በአዲሱ ነው። አሮጌውንም ግን አትጣሉት፤ ቆሞ ያለውን ሕንፃ ለመፈተሽ በምን ሕግ እንደተሠራ ማወቅ አለባችሁ። የመሬት መንቀጥቀጡ ክፍል በተለይ ተለውጧል። አሮጌው በአማካይ በ100 ዓመት አንዴ የሚመጣ መንቀጥቀጥ ይዞ ነበር፣ አዲሱ በ475 ዓመት አንዴ የሚመጣውን ያስባል። በአሮጌው ልክ የነበረ ኮለን በአዲሱ ላይወጣ ይችላል።

ይህ ለእኛ ሩቅ ነገር አይደለም። ወሎ ስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው የተቀመጠው። በ1953 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ካራ ቆሬ ስትናወጥ ማጀቴ ፈርሳለች። በ2017 ደግሞ አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ያደረሰውን ሁላችንም አይተናል። ስለዚህ "ጠንካራ ኮለን፣ ደካማ ቢም" የሚለውን ለፈተና ብላችሁ ካጠናችሁት አሁን ለሰው ሕይወት ብላችሁ ያዙት። መጋጠሚያው ላይ የኮለኖቹ የሞመንት (መታጠፍን የመቋቋም) አቅም ድምር ከቢሞቹ ድምር ቢያንስ 1.3 እጥፍ ይሁን። ሠፊ ቢም ከቀጭን ኮለን ጋር የሚወዱ አርክቴክቶች አሉ። በአክብሮት፣ በቁጥር፣ ግን ሳትለሳለሱ ተከራከሩ።

የት እንፈልግ?

ኮንሰልታንት ቢሮ አንደኛ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ያሉት ትናንሽ ናቸው፤ ትንሽነታቸው ግን ለጀማሪ ጥሩ ነው። አርክቴክቸሩንም፣ ስትራክቸሩንም፣ ሱፐርቪዥኑንም ታያላችሁ። ባሕር ዳር ያለው የክልሉ ዲዛይንና ቁጥጥር ድርጅት ትልልቅ ሥራ ያሳያል። አዲስ አበባ ከሄዳችሁ ከፍ ያለ ሕንፃ ታያላችሁ፣ ግን ዓመት ሙሉ ደረጃ ብቻ ሲሠራ የሚከርም ልጅም አውቃለሁ። እዚያ ስትቀጠሩ "በመጀመሪያው ዓመት የምሠራው ምንድን ነው?" ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ።

ኮንትራክተር ዘንድ ሳይት ኢንጂነር መሆን አያሳንስም። እኔ ብመከር አንድ ዓመት ሳይት፣ ከዚያ ዲዛይን እላለሁ። ከተማ አስተዳደር የግንባታ ፈቃድ ክፍልም አትናቁት፤ የሰው ሁሉ ዲዛይን እጃችሁ ላይ ይመጣል፣ ጥሩውንና መጥፎውን ትለያላችሁ። የ2001ዱ የሕንፃ አዋጅ ሕንፃን ሀ፣ ለ፣ ሐ ብሎ መድቦ ነበር፤ ከ12 ሜትር በላይ የሚወጣው ወይም ሕዝብ የሚጠቀምበት ምድብ ሐ ነበር፣ ጥብቅ ምርመራ የሚያስፈልገውም እሱ ነበር። ያንን ሥራ የሚችል ሰው ሲገኝ የከተማው ሕንፃ ሹምም ይደሰታል። መምህርነት የሚስባችሁ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ያለው የቴክኖሎጂ ተቋም አለ፣ ወልድያም አለ። ብታስተምሩም እጃችሁ ከሥራው አይራቅ።

ብዙ ሰው የማያስባቸው ሁለት ቦታዎች ልጨምር። አንደኛው ብረታ ብረት ነው። በ2009 የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሼዶቹ የስቲል ፍሬም ናቸው፤ ፋብሪካ በመጣ ቁጥር መጋዘን፣ መድረክ፣ ክሬን የሚሸከም ቢም ይፈለጋል። አርማታ የሚያውቅ ሞልቷል። የቦልትና የብየዳ መጋጠሚያ በእጁ የሚያሰላ ጥቂት ነው። ሁለተኛው የተጎዳ ሕንፃ ምርመራ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያዎቻችን ተጎድተዋል። እሳት የነካው ኮለን ሲታይ ቀለሙን ልብ በሉ፤ አርማታ 300 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ወደ ሮዝ ሊቀየር ይችላል፣ ጉልበቱም ከዚያ ወዲያ እየወረደ ይሄዳል። በሽሚት ሐመር (አርማታን ሳያፈርስ ጥንካሬውን የሚገምት መሣሪያ) መፈተሽ፣ ኮር (ተቦርቡሮ የሚወጣ ናሙና) ማውጣት፣ የትኛው ይጠገናል የትኛው ይፈርሳል ብሎ መወሰን፣ ይህ በእውነት የማስተርስ ሥራ ነው። አገራችንም ትፈልገዋለች።

ማስታወቂያውን በጋዜጣና በቴሌግራም ተከታተሉ፣ ግን ትናንሽ ቢሮዎች ማስታወቂያ አያወጡም። ዲዛይናችሁን ይዛችሁ በአካል ሂዱ። "ሥራ አለ ወይ?" ከማለት "ይህን ሠርቻለሁ፣ ስህተቴን ቢያሳዩኝ" ማለት ይሻላል። ትልቅ ሰው እንዲህ ሲጠየቅ እምቢ አይልም። ካሳየ በኋላም ስልካችሁን ይይዛል።

ኢንተርቪው ላይ የሚጠየቀው ቀላል ነው፣ ሰው የሚወድቀውም ለዚያ ነው። አርማታ በኪዩቢክ ሜትር ስንት ኪሎ ኒውተን ነው? (25።) የተንጠለጠለ በረንዳ ዋና ብረቱ ከላይ ነው ከታች? ከላይ ነው፤ ሠራተኛ እየረገጠ ወደ ታች ሲያወርደውስ ምን ይሆናል? ለሁለት ስፓን ቢም ሞመንቱን ሳል። ይህን ነጭ ሰሌዳ ላይ እጃችሁ ሳይንቀጠቀጥ ስሩ።

ስለ ፊርማና ስለ ልምድ ወረቀት

ማስተርስ ብቻውን የመፈረም መብት አይሰጥም። የሙያ ምዝገባው በደረጃ ነው፤ ግራጁዌት፣ ፕሮፌሽናል፣ ፕራክቲሲንግ ፕሮፌሽናል እየተባለ በትምህርትና በልምድ ይወጣል። መስፈርቱ ስለሚሻሻል ለመመዝገብ ስትሄዱ ወቅታዊውን መመሪያ ያዙ።

ደረጃው ከፍ ሲል ግን አንድ ፈተና ይመጣል፣ ቀደም ብዬ ልንገራችሁ። ሰው ይመጣና "ዲዛይኑ አልቋል፣ ፊርማህን ብቻ" ይላል። ዘመድ ሊሆን ይችላል። ብሩም ለጀማሪ ደስ የሚል ነው። ለእኔም መጥቷል። ቦታው የቦርከና ሜዳ አቅራቢያ ነበር፤ ወረቀቱን ስገልጥ አፈሩ 250 ኪሎ ፓስካል ተብሎ ተጽፏል፣ የአፈር ምርመራ ግን የለውም። ሄጄ አየሁ። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያለው ጥቁር አፈር። ክረምት ሲመጣ ይህ አፈር ያብጣል፣ ቀላሉን የግቢ ግንብ እንኳ ያነሳዋል። አልፈርምም አልኩ፣ ተቀያየምን። ከአምስት ፎቅ በታች የሚተኙት ልጆች ፊርማዬን አምነው ነው የሚተኙት። ስለዚህ ያላሰላችሁትን፣ ቦታውን ያልረገጣችሁትን አትፈርሙ። ዘመድ ቢቀየምም አትፈርሙ።

የልምድ ወረቀት ደግሞ የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። መጀመሪያ የሠራሁበት ቢሮ ስለቅ የሰጠኝ ሁለት መስመር ነበር፤ "ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በኢንጂነርነት ሠርቷል።" ለምዝገባ ስሄድ ምን እንደሠራሁ ስላልተጻፈ አልተቀበሉኝም፣ ስመለስ ደግሞ ቢሮው ተዘግቷል። የአንድ ዓመት ከስድስት ወር ልምድ እንዲሁ ቀረ። እናንተ ሳትለቁ፣ ገና በሰላም እያላችሁ፣ በየስድስት ወሩ ጻፉና አስፈርሙ። የፕሮጀክቱ ስም፣ ቦታው፣ ስንት ፎቅ፣ የእናንተ ድርሻ ዲዛይን ነው ቼክ ማድረግ ነው ሱፐርቪዥን፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ የኃላፊው ስምና ፊርማ፣ ማህተም። ኮፒውን አንድ ቤት፣ አንድ ስልክ ላይ። የግብር መክፈያ ማስረጃውንም አብራችሁ አስቀምጡ፤ ይጠየቃል።